የተቀጠለ ቀብር

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሐመልማል፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናሽ እላለሁ። አባቴ እህቱን ከቀበረ ወዲህ ምግብ በወጉ አይበላም፤ እሱም ሰላም ይልሻል። የአክስቴን የፍሬአለምን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እኔንም እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናትና ሐዘኑ የሁለታችን ነው።

የቀብሯ ቪዲዮ የዘገየብሽ በስንፍናዬ አይደለም። መጀመሪያ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ የስቱዲዮዬ ኮምፒውተር ጉድ አደረገኝ። ሠርግ የማቀናብርበት ፕሮግራም ክራክ ነበር፤ የሚከፈልበትን ሰብረው በፍላሽ የሸጡልኝ። ከእሱ ጋር የገባ ቫይረስ ያለውን ሁሉ ቆለፈብኝ። ደግነቱ የአክስቴ ቀረጻ ካሜራው ውስጥ ነበር፤ የድሮ ሥራዎቼም ለብቻ በሃርድ ዲስክ ተቀምጠው ነበርና ተረፉ። ተናድጄ ሁሉንም ጠርጌ ሊኑክስ ጫንሁ። ኬደንላይቭ የሚባል የቪዲዮ ማቀናበሪያ አለው። ነጻ ነው። የተሰረቀ አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለሁሉም ሰው ትተውት፣ ውስጡንም ገልጦ ማየት ለሚፈልግ ክፍት አድርገውት ነው። በእሱ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ይሄው የአክስቴ ቀብር ሆነ።

አገር ምድሩ ወጥቶ ነው የሸኛት። ይህን አይተሽ ተጽናኚ። ነጋዴዎች ወደ ዱባዩ ደይራ ገበያ መመላለስ ሲጀምሩ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ብትልኪልኝ ደግሞ እጅሽን እስማለሁ።

የአጎትሽ ልጅ፣ ፍጹም


ሚርዲፍ፣ ዱባይ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፍጹም፣

ባለህበት ሰላም ያቆይህ፤ አጎቴንም ጉልበቱን ስመህ ጽና በልልኝ። እጅህ ይባረክ። ቪዲዮውን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማሽኑን እያስጮህሁ አየሁት፤ ማዳም ለቅሶዬን እንዳትሰማ። ደብዳቤ የምጽፍልህም ለዚያ ነው። በድምፅ ብልክልህ አለቅሳለሁ።

እናቴ ሞተች ብዬ የነገርኋት ቀን «አላህ ይርሐምሃ»፣ ነፍሷን ይማር፣ አለችኝ፤ አፏን ሳትዘጋ «ያላ፣ ልጁ ወተት ይፈልጋል» ብላ ጠርሙሱን ሰጠችኝ። ልሂድና ልቅበራት ብላት «ከወጣሽ ኸላስ፣ አትመለሺም» አለች። ኮሮና ገባ ከተባለ ጀምሮ ከግቢው በር አላለፍሁም።

ሰዉ መብዛቱ ደረቴን ሞላው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማስክ ያደረገ ሰው ለምን የለም? ደግሞ ሐምሌ ላይ እንዴት አቧራ ይነሣል? የእኛን ሰፈር የሐምሌ ጭቃ ረስቼው ይሆናል። ብቻ ጠየቅሁ።

እህትህ ሐመልማል


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐመልማል፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

አቧራ መስሎ የታየሽ ቀለሙን ስላበራሁት ነው። አዲሱ ፕሮግራም ቀለም የሚያስተካክልበት ነገር አለው፤ ገና አልለመድሁትም። ማስኩን ሰዉ ለጸሎት አውልቆት ነበር። አብዝተሽ አትመልከቺው፤ ሐዘን ሲደጋግሙት ያሳምማል። ሃርድ ዲስኩም አይቸኩልም።

ፍጹም


ሚርዲፍ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ፍጹም፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

እናቴን አየኋት። ከሬሳ ሳጥኑ ኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እኔ የላክሁላትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጋርዳት ስለነበር ነው እስከ ዛሬ ያላየኋት። ሴትዮዋ ዞር ስትል የእናቴ ፊት ወጣ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እናቴ የራሷን ሬሳ ተከትላ ስታለቅስ አየኋት! የማዳምን ልጅ ይዤ ነበር፤ ከእጄ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

የማን ቀብር ነው የላክህልኝ? በማን ለቅሶ ነው ያስለቀስኸኝ? ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ በአንድ እግዜር ይስጥልኝ እያልሁ ጸለይሁ እኮ! ፕሮግራሙን አልለመድሁትም ብለህ ትዋሸኛለህ፤ የሞተችውን ከቆመችው ጋር አንድ ላይ ለመስፋት ግን ለምደኸዋል።

እናቴን ማን ቀበራት? ቀበራችኋት ወይስ ጣላችኋት?

መልስልኝ።


ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሐመልማል፣

አንቺ ሰላምታ ብትነፍጊኝም እኔ ሰላም ለአንቺ ይሁን ብዬ እጀምራለሁ። ያሳደገችን ሴት እንዲያ አላስተማረችንም።

አንድ ወር ዝም ያልሁት ጽፌ ጽፌ ስለቀደድሁ ነው። አዎ፣ ቀጠልሁት። ሕዝቡ የጋሽ ማሩ ቀብር ሕዝብ ነው፣ ያምና። እናትሽ እዚያ ውስጥ እንዳለች አላየሁም፤ ባይ ኖሮ እቆርጣት ነበር። አባቴ ነው «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ እውነቱን ካየች ታብዳለች፤ አንድ ነገር አድርግ» ያለኝ። ያለኝ ነገር ደግሞ መቁረጥና መቀጠል ብቻ ነው።

እውነቱን ከፈለግሽ እንኪ። አክስቴ ሳል ይዟት ነበር፣ ትኩሳትም። ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች በአምቡላንስ መጥተው ወሰዷት። ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት አየ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አንዳርጌ ጋር ደውዬ ድንኳን አውጡልን ብለው «ድንኳኑ ቢበከል ማን ያጥበዋል?» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፤ ቃል አልጨመርሁም። ለቀብር ይፈቀዳል ከተባለው ሰው ሩቡ እንኳ አልመጣም። ቄሱ፣ አባቴ፣ እኔና ፕላስቲክ የለበሱት ቀባሪዎች ነበርን። ጎረቤታችን ሙኒራ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መጥታ እዚያው ቆመች። ተሸካሚ ስላነሰ ካሜራውን የሰው መቃብር ላይ አጋድሜ ሳጥኑን በአንድ በኩል እኔ ያዝሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ይኸውልሽ ጭቃሽ!

የምርመራው ውጤት ከተቀበረች በኋላ መጣ። ኮሮና የለባትም። ሳንባዋ ነው። ወረቀቱን ይዤ አቶ አንዳርጌ ቤት ሄድሁ፤ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ ሆኖ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

ጣላችኋት አልሽኝ። እኔ ተሸከምኋት። አንቺስ የት ነበርሽ?

ፍጹም


አጅማን፣ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለፍጹም፣

ጤና ይስጥህ፤ ላጎቴም እንደዚሁ። የት ነበርሽ ብለኸኛል። የሰው ልጅ እያቀፍሁ ነበር። መልሴ ይሄው ነው፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።

ቁጣዬ አልበረደም፤ አንተን ብቻ አልፎ ሄዷል። እናቴ የማን ለቅሶ ላይ ነው ያልተገኘች? የማን ሠርግ ላይ ነው ሽንኩርት ያልከተፈች? ታማ እንኳ ተደግፋ ትሄድ ነበር፤ አንተ ነህ የምትደግፋት። አንዳርጌ ሚስቱ ስትወልድ ጎረቤት ሳይነቃ ውኃ ያፈላችው እሷ ናት። ዛሬ ድንኳኑ ይቆሽሽበታል።

ከማዳም ጋር ጨርሻለሁ። ውሌ ሲያልቅ አላድስም አልሁ። አሁን አጅማን ቢድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይቼ አል ማምዛር ያለ ቤት በቀን እሠራለሁ። የማዳም ትልቁ ልጅ የጣለውን ላፕቶፕ ስወጣ ይዤው ወጣሁ፤ ለመክፈት ብቻ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ሻርጃ አንድ ሕንፃ የሚጠብቅ ደረጀ የሚባል የአገራችን ልጅ አለ። ጴንጤ ነው፤ የሚያመልኩበት የኪራይ አዳራሽ ስለተዘጋ ስብከቱንና መዝሙሩን እያቀናበረ ለምእመኑ በስልክ የሚልከው እሱ ነው። በምን ትሠራለህ ብለው ያንተኑ ኬደንላይቭ አለኝ። ላፕቶፔን ጠርጎ ሊኑክስ ጫነበት፤ ነፍስ ዘራ። ስንት ልክፈልህ ስለው ሳቀብኝ። «እኔም አልከፈልሁበት። ለሚቀጥለው ሰው አሳዪ፣ በቃ» አለኝ። አርብ አርብ አል ማምዛር ፓርክ ተራርቀን ተቀምጠን ያስተምረኛል።

ስለዚህ ያለቀ ቪዲዮ እንዳትልክልኝ። ያንን የቀብር ቀረጻ ሳትነካው፣ ከዝናቡና ከጭቃው ጋር ላክልኝ። ከድሮ ሥራዎችህም እናቴ ያለችበትን ሁሉ፤ ሠርግም ይሁን ለቅሶ። መሊካ የምትባል ነጋዴ ደይራ ዕቃ ልትገዛ መጥታለች፤ ስትመለስ ባዶ ሃርድ ዲስክ ታመጣልሃለች። ሞልተህ መልስልኝ።

ሐመልማል


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐመልማል፣

እንኳን ለገና አደረሰሽ። ሃርድ ዲስኩን ለመሊካ ሰጥቻታለሁ። የዘገየሁት እናትሽ የሌለችበት ድግስ ስላጣሁ ነው። ፊት ለፊት አትቀመጥም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ናት፣ ሳህን ይዛ፣ ወይ የሰው ልጅ አዝላ። እሷን ፍለጋ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ዕድሜ ደግሜ አየሁት።

ላፕቶፕሽ ደካማ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ትንንሽ ቅጂ እንዲሠራልሽ እዘዢው፤ በትንንሾቹ ትቆርጫለሽ፣ በመጨረሻ በዋናው ያወጣልሻል። ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ።

የቀብሩን ብቻሽን አትዪው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቅር አይበልሽ። አንቺ አጅማን ነሽ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ሠርጋቸውን የምቀርጸው እኔ ነኝ። ምን ልትሠሪበት ነው?

ፍጹም


አጅማን፣ ሰኔ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፍጹም፣

በሰላም ያግኝህ። ምን ልትሠሪበት ነው ላልኸኝ፣ ሠርቻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል።

መጀመሪያ እናቴ በየሰዉ ቤት ናት። የጋሽ ማሩ ቀብር፣ የአንዳርጌ ልጅ ሠርግ፣ የሙኒራ እናት ለቅሶ፣ ሁሉም። ስታበስል፣ ስታለቅስ፣ እልል ስትል። የእያንዳንዱን ቤት ስም ከታች ጻፍሁ። ከዚያ የእሷ ቀብር ይመጣል። እሱን አልቆረጥሁትም። ካሜራህ እንደተጋደመ፣ ዝናቡ ሌንሱ ላይ እየወረደ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሙዚቃ የለውም።

አንዱ ቀባሪ «ዘመድ የላትም እንዴ?» ሲል ይሰማል። አንተ ደግሞ «አሏት፤ ይመጣሉ» ትላለህ። መንገዱን ዞር ብለህ ታያለህ። ፍጹም፣ ያቺን ቃል ስሰማ ያን ቀን ያልሁህን ሁሉ መልሼ ዋጥሁት። ያንተን ብቻ ነው እንጂ የሌሎቹን አልዋጥሁም።

ደረጀ አይቶት ሲያበቃ «የሰዎቹን ፊት ማደብዘዝ ይቻላል እኮ፣ ላሳይሽ?» አለኝ።

«ለምን?»

«ያፍራሉ።»

«ዋላሂ ይፈሩ፣ ይፈሩ እንጂ!» አልሁት። ፓርኩ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደረጀ ጌታ ይቅር በሉ ብሏል አለኝ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላየሁም አልሁት። ተኮራርፈን ተለያየን። በሚቀጥለው አርብ ግን መጥቶ የድምፁን ማስተካከያ አሳየኝ።

ታውቃለህ ምን እንደሚያቃጥለኝ? እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እድር ከፍላለች፤ ለአንድ ቀን ነበር፣ ለዚያች ቀን። ይሄ ማንም ያልከፈለበት ፕሮግራም፣ ስሜን የማያውቁ ፈረንጆች ሠርተው የተዉት፣ በጠራሁት ቁጥር ይከፈትልኛል።

የሙት ዓመቷ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ለድግሱ የሚበቃ ለአጎቴ ልኬያለሁ። የሠርግ ፕሮጀክተርህን ድንኳኑ ውስጥ ትተክልና ታሳያለህ። እነሱም ይመጣሉ፤ ለምግቡ ይመጣሉ።

እህትህ ሐመልማል


አጅማን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ፍጹም፣ ሙት ዓመቷ አለፈ፤ ዝም አልህ። ስልክም አታነሣም። እስከ ሰኞ ካልጻፍህልኝ ዩቲዩብ ላይ እጭነዋለሁ፤ አገር ያየዋል።

ሐመልማል


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐመልማል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዝም ያልሁት በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው እንጂ አሳይቻለሁ።

ላለማሳየት ወስኜ ነበር። ለአባቴ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል አልሁት። ቄሶቹ ጸልየው ሰዉ በልቶ ሲጨርስ አቶ አንዳርጌ ተነሣና «ፍሬአለም የሰው ሰው ነበረች፤ እድራችንም በክብር ሸኝቷታል» ብሎ ተናገረ። በክብር! አባቴ እዚያው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ሄጄ ፕሮጀክተሩን አመጣሁ።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ደስ አለው። «ይኸውልሽ አንቺ!» «ያኔ ፀጉር ነበረህ!» እየተባባሉ ሳቁ። ቀስ እያለ ገባቸው። በየቤቱ ፍሬአለም፣ ፍሬአለም፣ ፍሬአለም። ሳቁ ቀረ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ባዶው መንገድ። ቀባሪው «ዘመድ የላትም እንዴ?» ሲል ድንኳኑ ውስጥ ሳህን የሚያነሣ እጅ እንኳ ቆመ።

አቶ አንዳርጌ «ዝጋው!» ብሎ ጮኸ።

«አላለቀም ጋሼ» አልሁት።

«ዝጋው ብዬሃለሁ! በሰው ፊት ልታዋርደን ነው?»

ከኋላ ሙኒራ ተነሣች። «አይዘጋም። እኔም አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። የእናቴን ገላ ላጠቡት ሴቶች ውኃ ያቀበለችው ፍሬአለም ናት፤ እኔ ግን ለእሷ በሩን አላለፍሁም። ልየው» አለች። አንዳርጌ ወጥቶ ሄደ። የተከተሉት ነበሩ። የቀሩት እስከ መጨረሻው አዩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ነው ገና እንደ ሰው ያለቀሰ።

ሁለት ሠርግ ተሰርዞብኛል፤ ልክድሽ አልፈልግም። አልጸጸትም ግን።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጫኔ በኮሮና ሞተ፤ በእውነተኛው ኮሮና። እድሩ ወጣ። ማስክ አድርገው፣ እየተራራቁ፣ ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ሸኙት። ድንኳኑም ተተከለ። የአክስቴ ሞት ሰዉን አስተማረው።

ሽማግሌዎች ትናንት እኔ ጋ መጥተው ነበር። ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ እንዳትጭኚው ይለምኑሻል። የእድሩ ማኅተም ያረፈበት የይቅርታ ወረቀት ጽፈናል፣ ላክላት ብለው ሰጥተውኛል። ምን ልበላቸው?

ወንድምሽ ፍጹም


አጅማን፣ ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፍጹም፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የተሰረዘብህን ሠርግ በብዙ ይተካልህ። የአጎቴን ለቅሶ ስሰማ ተነፈስሁ። ሙኒራን በእኔ ስም አቅፋት።

ዩቲዩብ ላይ አልጭነውም። ለእነሱ አስቤ እንዳይመስላቸው። እናቴን ማንም ሥራ ፈት በአውራ ጣቱ እየገፋ እንዲያልፋት ስለማልፈልግ ነው።

ለጋሽ ጫኔ መውጣታቸው ደግ ነው፤ ነፍሱን ይማር። አንተ ግን የአክስቴ ሞት ሰዉን አስተማረው ብለህ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። ሳነበው ስልኩን ልወረውረው ነበር። እናቴ ማንንም ልታስተምር አልሞተችም። ሳንባዋን አሟት ሞተች፤ ጎረቤቶቿም ቤታቸው ቀሩ። ይኸው ነው። ከዚያ ትምህርት የሚያወጣ ያውጣ፤ እኔ እናቴን ለትምህርት አልሰጠሁም።

ወረቀቱን መልስላቸው። የበደሉት እኔን አይደለምና ማኅተም አጅማን ድረስ አይላኩ። ይቅርታ የሚሉ ከሆነ በእግራቸው ሄደው ለእሷ ይበሉ። መቃብሯ የት እንደሆነ አያውቁትምና አንተ ምራቸው።

እህትህ ሐመልማል